ምስማር ላይ የተሰቀለ ቁልፍ

እናቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው የስፌት መኪና ሰፍታለች። አምቦ፣ ከገበያው በላይ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የዞረ ረጅም ክፍል ውስጥ። ስድስት መኪና፣ ስድስት ሴት፣ አንዲት አሠሪ። አሠሪዋን ሁሉም «እትዬ» ስለሚላቸው እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ።

እትዬ አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የታሰረ ትንሽ ቁልፍ ያደርጉ ነበር። ልጅ ሳለሁ ክታብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ እናቴ አጠገብ ቁጭ እንዳልኩ «እትዬ ለቡዳ ነው የሚያስሩት?» ብዬ ብጠይቃት፣ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ክታብ አልነበረም። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዷ ሴት ስትፈልግ መኪናዋን ታቆማለች፤ ትነሳለች፤ እትዬ ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ድረስ ትሄድና በሰው ሁሉ ፊት «ቁልፍ ይስጡኝ» ትላለች። እትዬ መቀሱን ሳያስቀምጡ ቀና ይላሉ።

«አሁን አይደል እንዴ የሄድሽው?»

ሁልጊዜ ይቺው ናት። ጠዋት የሄደችም ብትሆን፣ ከነጭራሹ ያልሄደችም ብትሆን፣ «አሁን አይደል እንዴ የሄድሽው?» ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ወንድ ቆሞ ይሰማል። ከዚያ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው ይሰጣሉ። መስጠቱንስ ይሰጣሉ፤ ከልክለው አያውቁም። ለዚህም ነው ማንም በዚህ ሊከሳቸው የማይችለው። ምን ብሎ ይከሳል? «ጠየቁኝ» ብሎ?

ሴቶቹ ታዲያ ውሃ መጠጣት ተዉ። ምሳቸውን በደረቁ በልተው ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ። እናቴ ሁለት ጊዜ ኩላሊቷን ታመመች። ሁለተኛው ጊዜ ክሊኒክ አብሬያት ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ «ውሃ በደንብ ትጠጫለሽ?» ሲላት እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ «ሥራ ላይ ነኝ እኮ» አለችው። እሱ ግራ ገባው። እኔ ግን ገባኝ።

ለእውነቱ ግን እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሠራተኞቻቸው አንዷ ሐዘን ሲገጥማት ቤቱን ዘግተው ሁሉንም ይዘው ለቅሶ ይደርሱ ነበር። እናቴን መቁረጥ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ይህንን የምጽፈው ለማካካስ አይደለም፤ እንደዚያ ስለነበር ነው።

ጓደኛዬ ይህን እስከዚህ ድረስ አንብባ «እንዴ፣ ስለ ሽንት ቤት ነው የምትጽፊው?» አለችኝ። አዎ፣ ስለ ሽንት ቤት ነው! የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ፊት ካነበቡት ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። ያየሁትን ሁሉ መጻፍ እንደምችል ካወቅኩ በኋላ ደግሞ የትኛውን እንደማልጽፍ ማንም አይነግረኝም።

እናቴ እቁብ በወጣላት በሳምንቱ ከእትዬ ቤት ወጣች። ሁለት ያገለገሉ መኪናዎች ገዛችና ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየች። ግቢው ውስጥ ሌሎች ተከራዮች አሉ፤ ሽንት ቤቱ የሁላችንም ነው። ከመናኸሪያ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ እንዳይገባበት በቁልፍ ይዘጋል፤ አከራዩም ለእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ቁልፍ ሰጥቷል። እናቴ መኪናዎቹን ሳታስገባ፣ ወለሉን እንኳን ሳታጥብ፣ ድንጋይ አንስታ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር መታች። ቁልፉን ሰቀለች። ወደ ኋላ ሄድ ብላ እንደ ሥዕል አየችው።

«እዚህ ቤት ማንም ለዚህ ነገር ሰው አይጠይቅም» አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ የምትጠይቅም ሆነ የምትጠየቅ ሠራተኛ አልነበረንም። ሠራተኛዋ እሷ ብቻ ነበረች። ያንን ክረምት ግን አንድ የግል ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እንድትሰፋለት አዘዛት፤ ጉርድ፣ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ሁሉም ሰማያዊ። ትምህርት ሲከፈት ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ሥራው ለሌላ ከተሰጠ የቤቱ ኪራይ አይቻልም፤ የቤቱ ኪራይ ካልተቻለ እናቴ ወደ እትዬ ወንበር ትመለሳለች። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልነገረኝም። እራት ላይ ዝም ስትል ነው ያወቅኩት።

«አንድ ሰው መቅጠር አለብኝ» አለች። «ማስታወቂያ ጻፊልኝ።»

ጻፊልኝ! እስቲ አስቡት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መብራት እንጨቶቹ ላይ የሚለጠፉትን ማስታወቂያዎች እየዞርኩ አነበብኩ። ከዚያ በአንድ ነጭ ወረቀት፣ በላዩ በአማርኛ ከሥሩ በኦሮምኛ፣ በሁለት ቀለም እስኪርቢቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ የልብስ ስፌት ባለሙያ። ብዛት፣ አንድ። የትምህርት ደረጃ፣ አሥረኛ ክፍልና ከዚያ በላይ። የሥራ ልምድ፣ ሁለት ዓመት። ደመወዝ፣ በስምምነት። በቂ ተያዥ ማቅረብ የምትችል ወይም የሚችል። አመልካቾች ኦሪጅናልና ኮፒ ማስረጃችሁን ይዛችሁ በአካል እንድትቀርቡ እናሳስባለን።

«እናሳስባለን» የምትለዋን ስጽፍ እንዴት እንደኮራሁ!

መናኸሪያው አጠገብ ያለ መብራት እንጨት ላይ ለጠፍኩት። በማግስቱ ጠዋት እናቴ በሩን ስትከፍት ሰዎች ቆመው ጠበቋት። ክራቫት ያሰረ ወጣት ነበር። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ልጆች፣ ፕላስቲክ ፋይል የታቀፈች አንዲት ሴት። ሁሉም ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ናቸው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ተከራዮቹ ቡና ጥደው የነበረውን ትተው ወጥተው ያዩናል።

እናቴ ክራቫት ያሰረውን «ልጄ፣ ምን ተምረህ ነው?» አለችው።

«አካውንቲንግ።»

«መስፋት ትችላለህ?»

ዞር ብሎ መኪናዋን አያት። «ፈጣን ለማጅ ነኝ» አለ።

አንዱ ተከራይ ከበሩ ላይ ሆኖ «ኧረ ባንክ ከፈቱ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ፣ ግን ጆሮው ቀላ። እናቴ አልሳቀችም። ለሁሉም ሻይ አስመጣችና አንድ በአንድ ይቅርታ ጠይቃ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ይሄን ሁሉ ሰው በባዶ ተስፋ ከቤቱ አስወጣሽው። ኮፒ ያስደረጉበት ብር ራሱ የሚያሳዝን ነው። ተያዥ የጠየቀ ማነው?»

«ማስታወቂያ ላይ ሁልጊዜ አለ እኮ።»

«እኔ ነኝ ወይስ ማስታወቂያው የሚቀጥረው?»

ሰዎቹ ሲሄዱ ግን አንዲት ወጣት ሴት አጥሩ ጥግ ቆማ ቀርታ ነበር። ፋይል የላትም፤ አንድ ጥቁር ቦርሳ ብቻ። በሁለቱም ቋንቋ ሰላምታ ሰጠችና እናቴን «አዴ» አለቻት፤ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ትልቅ ሴትን በአክብሮት የሚጠሩበት ነው።

«አዴ፣ ከእጃጂ ነው የመጣሁት። ወረቀቱን አስነብቤ ሰማሁ። የትምህርት ማስረጃ የለኝም፣ ተያዥም እዚህ የለኝም። እጄን ግን እዪልኝ።»

እናቴ የተቆረጠ ጉርድና ዚፕ ሰጠቻት። ልጅቱ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ፔዳሉን በእግሯ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጋ ለመደችው፤ ከዚያ ሳታቋርጥ ሰፋችው። እናቴ ጉርዱን ተቀብላ ፊቱን እንኳን አላየችም። ገልብጣ ውስጡን አየች። ብዙ ጊዜ አየችው።

«ከነገ ጀምሮ ነይ» አለቻት። «ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው። ስትፈልጊ ይዘሽ መሄድ ነው፤ አይጠየቅም።»

ልጅቱ የምን ቁልፍ እንደሆነ ስላልገባት ወደኔ አየች። ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ያ ወር እንዴት ደስ ይል ነበር! እረፍት ስለነበርን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነኝ፤ ክር እቆርጣለሁ፣ ልኬት እጽፋለሁ፣ የካውያውን ከሰል አራግባለሁ። የእጃጂዋ ልጅ ስትሰፋ ታወራለች፣ ስታወራ ትሰፋለች። ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ከጎኗ አይጠፋም፤ እናቴ እሱን እያየች በልቧ ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። ሰማያዊው ክምር ከወለሉ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ መደርደሪያው ይወጣል።

ያበላሸነው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ አንዲት ተከራይ መጥታ «በእናንተ ቤት ሰው ሽንት ቤቱ ሳይዘጋ ተከፍቶ አድሮ የመናኸሪያ ሰው ሁሉ ገባበት» ብላ ጮኸች። ማን እንደረሳው አላውቅም፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። እናቴ ጭቅጭቅ አትወድም። «ለጥቂት ቀን ነው» አለችና ቁልፉን ከምስማሩ አውርዳ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

በሁለተኛው ቀን እትዬ መጡ። በጠዋት፣ ዣንጥላቸውን ይዘው። እናቴ ብድግ ብላ ወንበር ጠረገችላቸው። ክምሩን ዞረው አዩት፤ አንድ ሱሪ አነሱና፣ ልክ እንደ እናቴ፣ ገልብጠው አዩት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን አይደርስልሽም። አራት ቀን ነው የቀረሽ።»

«ይደርሳል እትዬ።»

«እልኸኛ ነሽ፤ ድሮም ነሽ። የቀረውን ጨርቅ ላኪልኝ፤ አምስት ሴቶች አሉኝ፣ በሁለት ቀን እጨርስልሻለሁ። አንቺም ወንበርሽ እስካሁን ባዶ ነው። ማንንም አላስቀመጥኩበትም።»

ወንበሩን ባዶ ማስቀመጣቸው ደግነት ይሁን ሌላ እስካሁን አልገባኝም። እናቴ «እናመሰግናለን እትዬ፣ ይደርሳል» ብላ እስከ በር ሸኘቻቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ከመኪናዋ ቀና አትልም። አውርተን ከሳቅን «እጃችሁ ይሥራ» ትላለች። ምሳ ስንበላ እያየችን ታኝካለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት የእጃጂዋ ልጅ መኪናዋን አቆመችና «አዴ፣ ቁልፉን» አለች።

እናቴ እጇ ኮሌታ ላይ ነበር። ቀና ሳትል፣ መርፌውን ሳታቆም፣

«አሁን አይደል እንዴ የሄድሽው?» አለች።

ሱሪ የሚለካ አንድ አባት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰማ። እኔም ሰማሁ። ድምፁ የእናቴ ነበር፤ ንግግሩ ግን ከገበያው በላይ ካለው ክፍል ነው የመጣው። እናቴ ራሷ ሰምታዋለች፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀረ፣ መኪናው ዝም አለ። ቁልፉን አውጥታ ዘረጋችላት። ልጅቱ ግን አልተቀበለችም። ተመልሳ ቁጭ አለችና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምንም ሳትናገር ሰፋች። ጠርሙሷን አልነካችውም። ስትጨርስ መቀሷን፣ ሜትሯን፣ ጠርሙሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አዴ፣ ደህና ሁኚ። ነገ አልመጣም፣ አገሬ እገባለሁ።»

እናቴ ቁልፉን መልሳ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

እቤት ስንገባ «ታማ ይሆን እንዴ?» አልኳት። «ቶሎ ቶሎ ትሄዳለች እኮ፤ ምናልባት ሕመም ቢሆን ነው።»

«ባትታመምስ?» አለችኝ። እንደዚያ ተቆጥታኝ አታውቅም፤ የተቆጣችው ግን እኔን አልነበረም። «ካልታመመች መጠየቅ አለባት? ሰው ስለሆነች ነው የምትሄደው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ምክንያት ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

ጠዋት ሰማይና ምድሩ ሳይላቀቅ ቀሰቀሰችኝ። ሽርጧን እንደታጠቀች ናት። «ተነሺ። ወደ እጃጂ የሚሄደው የመጀመሪያው መኪና ሳይወጣ።»

መናኸሪያው ገና ጭጋግ ነበር። «ጌዶ! ጌዶ! እጃጂ!» የሚለውን ድምፅ ተከትለን ሮጥን። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ጥቁር ቦርሳዋን ታቅፋ አየናት። እናቴ ዘልላ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ።»

ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ቆጠረን። «ሞላ! ሳበው!» አለና በሩን ገጭ አደረገው። መኪናው ተነሳ።

«እኛ ተሳፋሪ አይደለንም!» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ናችሁ፣ መቀመጫ ናችሁ?» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ግን አልሰማችም። የሰው ትከሻ ይዛ ቆማ፣ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ተመልሳ በአማርኛ ትናገራለች። ስለ እትዬ ነገረቻት፣ ስለ ጥቁሩ ክር፣ ስለ ኩላሊቷ፣ ስለ ምስማሩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው «ማል ታኤ?» አሉ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ያለችው ሴት በሹክሹክታ ነገረቻቸው። «ለሽንት ቤት ነው?» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ አሰቡበትና፣ «ልክ ናት፣ ልጅቱ ልክ ናት» አሉ።

እናቴ በመጨረሻ «ዺፋማ» አለቻት። ይቅርታ ማለት ነው። ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ እጇ ላይ ልታስቀምጥላት ሞከረች። «ያዥው። ካሁን በኋላ አንቺው ጋ ይሁን።»

የእጃጂዋ ልጅ እጇን ሰበሰበች።

«እኔ ጋ ምን ያደርጋል? ያኔ እሷ እኔን ልትጠይቅ ነው» አለች፤ ወደኔ በአገጯ እያመለከተች። «አዴ፣ እኔ ቁልፍ አልፈለግኩም። መጠየቁን ነው ያልፈለግኩት።»

እናቴ ቁልፉን በመዳፏ እንደያዘች ቆመች። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ትወድቅ ይሆን ብዬ ሽርጧን ያዝኩ።

«ልክ ነሽ» አለች። «ምስማሩ ላይ ይመለሳል። ያቺ ተከራይ እኔን ትጨቃጨቅ። እኔ ነኝ አሠሪዋ፣ ጭቅጭቁ የእኔ ነው።»

ልጅቱ ትንሽ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። «ኮሌታው አልቋል?» አለች።

«ግማሹ።»

«ቶሌ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። «ወራጅ አለ!»

ጉደር ላይ ወረድን፤ ሦስታችን፣ እናቴ ከነሽርጧ። ሰው ያየን ነበር። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ኮርቼ አላውቅም። ወደ አምቦ የሚመለስ መኪና አግኝተን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱን ከፈትን። ቁልፉ መጀመሪያ ምስማሩ ላይ ተሰቀለ፤ ከዚያ ነው የስፌት መኪናዎቹ የተነሱት። ተከራይዋ መጣች፤ ጮኸች። እናቴ መርፌዋን አቁማ ተነሳችና ግቢ ድረስ ወጥታ አናገረቻት። ሽንት ቤቱን በየቀኑ ማታ ራሷ እንደምታይ፣ ተከፍቶ ከተገኘም ራሷ እንደምታጥብ ቃል ገባችላት። እኔ ደግሞ ከምስማሩ ሥር «ስትመለሱ ይዘጋ» ብዬ ጻፍኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አድሮ አያውቅም።

በሦስት ቀን ጨረስን። የመጨረሻውን ጉርድ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ጠሟል፣ ማን እንደደረሰው አላውቅም፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ትምህርት የተከፈተ ዕለት ጠዋት እኔና እናቴ መንገድ ዳር ቆመን ሰማያዊ የለበሱትን ሕፃናት ስናይ፣ እትዬ በዚያ በኩል ዣንጥላቸውን ይዘው ሲያልፉ አዩን። ቆሙ። ልጆቹን አዩ፤ እናቴን አዩ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡና አለፉ። ክሩ አንገታቸው ላይ ነበር።

በዚህ ዓመት ሁለት ትምህርት ቤቶች አዘዙን። እናቴ አሁንም «ማስታወቂያ ጻፊልኝ» አለች፤ «ግን እንደ ሰው ጻፊ።» እኔም የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩና በገዛ ቃሌ ጻፍኩ፦

«ልብስ መስፋት የምትችሉ ሁለት ሴቶች እንፈልጋለን። ወረቀት አያስፈልግም፣ ተያዥ አያስፈልግም፤ እጃችሁን እናያለን። ውሃ አለ። የሽንት ቤቱ ቁልፍ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ነው፤ አይጠየቅም።»

መናኸሪያው በር ላይ ለጠፍኩት። ሰው እየቆመ አነበበ፣ እየሳቀ ሄደ። አንዱ ሾፌር «ሆቴል ነው ወይስ ልብስ ስፌት?» አለ። ይሳቁ። በማግስቱ ማለዳ፣ እናቴ በሩን ሳትከፍት፣ አንዲት ትልቅ ሴት ቆመው አገኘናቸው፤ ከጊንጪ በመጀመሪያው መኪና ነው የመጡት። ስለ ደመወዙ አልጠየቁም፣ ስለ ሰዓቱም አልጠየቁም። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የኔ ልጅ፣ ያ የቁልፉ ነገር እውነት ነው?» አሉኝ።

በሩን ከፍቼ አሳየኋቸው።